ኔትወርክ የሚገባው በአደይ መስኮት ነው

ቴክኒሻኑ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሾርባ የሞላ ሳህን እንደሚያሻግር ሰው ቀስ እያለ ቤታችንን ክፍል በክፍል ዞረ። እኔ ከኋላው ነኝ። ዕቃው ተራ የጠረጴዛ ስልክ ይመስላል፤ ግን ከግድግዳ የሚሳብ ገመድ የለውም፤ በጀርባው ጣት የምታክል አንቴና አለችው። ከኮምፒውተር ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ሲያያዝ ኢንተርኔት ያመጣል። ሳሎን ላይ ሁለት መስመር አሳየ። ወጥ ቤት ምንም። የእኔና የባለቤቴ መኝታ ቤት ውስጥ አንድ መስመር ብቅ አለችና ወዲያው ጠፋች። ከዚያ ቴክኒሻኑ የመጨረሻውን በር በአገጩ እያሳየ «ይኼስ የማን ነው?» አለኝ። የአማቴ ነው አልኩት። አንኳኩተን ገባን፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ፤ አራቱም መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ።

«እኅቴ፣ ኔትወርክሽ ያለው እዚህ ነው» አለ፣ ደስ ብሎት።

አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር። ቀና ብለው አዩንና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ወደዚያ ቤት ከገባሁ አራት ዓመቴ ነበር፤ አየሩም ሳይቀር ከአማቴ ጋር መወገኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ቤታችን መቐለ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቕሮ ከሚወጣው መንገድ ገባ ብሎ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጭነት ክፍል ይሠራል፤ ጠዋት ወደ ኲሓ የሚሄደው ሰርቪስ ይወስደዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። ስንጋባ «የራሳችንን እስክንሠራ» ብሎ እናቱ ቤት አስገባኝ። የራሳችንን አልሠራንም። አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፤ እኅቶቹ አግብተው ወጥተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ቤት የምንውለው እኔና እናቱ ነን። እንደ ልጆቻቸው «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለት ነው፤ እሳቸውም «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በመጠራራቱ በኩል ማንም አይችለንም ነበር። የእኔ ትግርኛ ገበያ አድርሶ ይመልሳል፤ የእሳቸው አማርኛ ቀበሌ አድርሶ ይመልሳል፤ የቀረውን በዓይን እንጨርሰዋለን።

ሥራዬ የመማሪያ መጻሕፍት እርማት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ረቂቁን ይልክልኛል፤ እኔ የጎደለውን ሞልቼ፣ የተጣመመውን አቃንቼ እመልሳለሁ። ድሮ ወረቀቱ በትልቅ ፖስታ ታሽጎ፣ ባለቤቴ በሚያውቃቸው መንገደኞች እጅ በአውሮፕላን ይመጣ ነበር። በኋላ አሳታሚው ሁሉን ነገር በኮምፒውተር አደረገና «ኢንተርኔት ከሌለሽ መቀጠል አንችልም» አሉኝ። ማብሰሉ፣ ማጠቡ፣ እንግዳ መቀበሉ በአደይ ቤት በአደይ ወግ የሚሠራ ነው። ድስት የት እንደሚሰቀል እንኳ እኔ አልወሰንኩም። በዚያ ቤት የእኔ የምለው ነገር ቢኖር ያ እርማት ብቻ ነበር። ስለዚህ ለዚያች ገመድ አልባ ስልክ ስል ስልክ መሥሪያ ቤት ወር ሙሉ ደጅ ጠናሁ፤ ስትመጣ ደግሞ በሰው መኝታ ቤት ውስጥ ቁጭ አለች።

«ወደ እኔ ክፍል ማምጣት አይቻልም?» ብዬ ቴክኒሻኑን ለመንኩት። በመስኮቱ በኩል እየጠቆመ አስረዳኝ። ሞገዱ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ከቆመው ማማ ነው የሚነሣው፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። የመቐለ የድንጋይ ግድግዳ ያደክመዋል፤ ብረት ከገጠመው ደግሞ አለቀለት። የእኛ ቤት መስኮቶች በሙሉ የብረት መዝጊያ አላቸው። የመቐለ ሰው ቤት ሲሠራ ለልጅ ልጁ ልጅ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ለሞገድ ብሎ አይደለም።

«ግን አትጨነቂ፣ ይኼ ጊዜያዊ ነው» አለኝ። ዓይኑ በራ። «ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ የጫማ ካርቶን የምታክል ሣጥን ጣራሽ ላይ ትቀመጣለች። ከማማው በቀጥታ ተቀብላ ቤቱን ሙሉ ታዳርሳለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደግሞ አቅጣጫ ማስተካከል እንኳ አይፈልግም፤ ራሱ ማማውን ፈልጎ ያገኛል። ሽንት ቤት ቁጭ ብለሽ ፊልም ታያለሽ!» አደይ ይህን ሲሰሙ አማተቡ።

ማንም እንዳይጠብቅ አስቀድሜ ልናገር፤ የጣራዋ ሣጥን እኛ ሰፈር የደረሰችው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ስለ ወደፊቱ ቴክኖሎጂ የሚያወሩ ሰዎች ያኔም ዛሬም የሚታያቸው ማማው ነው። መስኮቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍተውና ማን እንደሚዘጋው የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስገባን። የመጀመሪያውን ቀን በደስታ ስሠራ ዋልኩ፤ አደይ ግን ፊታቸውን አጥቁረው አመሹ። ማታ ለልጃቸው ነገሩት፤ ልጃቸው ለእኔ ነገረኝ። «ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትውላለች» ብለዋል። እውነታቸውን ነው፤ ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፣ ደሴም ቢሆን። በማግስቱ ጠረጴዛውን አዞርነው። ከዚያ ወዲያ እኔ ስክሪኑን ሳይ እሳቸው የእኔን ፊት ያያሉ። የተበላሸ ዐረፍተ ነገር ገጥሞኝ ግንባሬን ስቋጥር «እንታይ ኮይንኪ?» ይላሉ፤ ምን ሆንሽ? ምንም፣ ግስ ጠፍቶብኝ ነው እላለሁ። «ይገኛል» ይሉኛል፣ የጠፋችው ዶሮ እንደሆነች ሁሉ።

ከምሳ በኋላ ሲተኙ ቁልፍ መምታት አይቻልም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው የሚመስለኝ ይላሉ። ዘመድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሥራዬን አቁሜ እኔም አብሬ እጠየቃለሁ። ፋይል ልኬ ሰማያዊዋ መስመር እየተንፏቀቀች ስትሄድ አደይ ከአልጋቸው አንገታቸውን አስግገው «ኣትዩ ዶ?» ይሉኛል። ገባ ወይ? ማለታቸው ነው። አልገባም። አንድ ዳዊት ደግመው እንደገና «ኣትዩ ዶ?» አንዳንድ ቀን በዚህ ጥያቄ ብቻ ጮኼ ከቤት መውጣት ያምረኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ጠልቼያቸው የዋልኩባቸው ቀኖች አሉ። ግን ወጥቼ የት ልሄድ? ኔትወርኩ ያለው እዚያ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቴክኒሻኑ ለጥገና ተመልሶ መጣና ያንኑ የጣራ ሣጥን ወሬ ያንኑ ያህል በደስታ አወራልን። አደይ በጥሞና ሰሙት። «ያን ጊዜ ጓለይ በራሷ ክፍል ትሠራለች ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«አዎ አደይ! እርስዎም ያርፋሉ።»

«አይቸኩል» አሉት።

እኔ ግን ቸኩዬ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የአሳታሚው ዋና አዘጋጅ ደወለችልኝ። «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ርቀቱ ግን እየጎዳን ነው። የሰባተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ላንቺ እሰጥሻለሁ። ንጹሕ ሆኖ በቀኑ ከደረሰ እዚህ አዲስ አበባ ጠረጴዛ አለሽ፣ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ካልደረሰ ግን ከሩቅ ሰው ጋር መሥራት ይበቃናል።» ለባለቤቴ ስነግረው እሱም አዲስ አበባ መዛወር እንደሚችል ነገረኝ። ለእናቱ ማን ይንገር? «መጀመሪያ መጽሐፉ ይለፍ» ተባባልንና ዝም አልን። እንዲህ ሆኖ፣ እዚያው አደይ ክፍል፣ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብዬ፣ ጥያቸው የምሄድበትን መጽሐፍ ማረም ጀመርኩ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም። የራሴ በር፣ የራሴ መስኮት፣ ማንም ፊቴን የማያይበት ወንበር በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውቕሮ የነበሩት የአደይ ታላቅ ወንድም ሞቱ። አደይ ለቀብር ሄደው በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሰው ተመለሱ። በቀጥታ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡና የመስኮቱን ብረት ጠርቅመው ዘጉት። በእነሱ ቤተ ዘመድ ወግ ወንድሟ የሞተባት ሴት ዐርባው እስኪወጣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፤ መስኮት አይከፈትም፣ ፀሐይ አይገባም። ስልኳን አየኋት። አራቱም መስመሮች ጠፍተዋል።

ለእርማቱ ኔትወርክ አያስፈልገውም፤ ላፕቶፔን ወደ ራሴ ክፍል ወስጄ፣ ለሐዘንተኛው ውሃ በማቅረብና ፍራሽ በማንጠፍ መካከል እየሰረቅሁ ጨረስኩት። የቀረኝ መላኩ ነው። ስልኳን ይዤ ሳሎኑን ዞርኩ፤ ግቢውን ዞርኩ፤ ያኔ ያልነበረ የጎረቤት ፎቅ ከልሎታል፣ ሳሎን የነበሩት ሁለት መስመሮች እንኳ የሉም። ባለቤቴን «ለሦስት ሰዓት ብቻ እንዲከፈትልኝ እናትህን ጠይቅልኝ» አልኩት። «አብደሻል? ሰው ምን ይላል?» ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። እኔ ራሴ ኢንተርኔት ቤት እንዳልሄድ፣ የሐዘን ቤት ምራት እንግዳ ጥላ ከተማ ወረደች ይባላል። እጅ እግሬን ታስሬ ቀኑ ሲገሰግስ አየሁ።

በመጨረሻ መጽሐፉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለባለቤቴ ሰጠሁት። በምሳ ሰዓት አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ «ላክሁልሽ፣ አሥራ ሁለቱም ሄደዋል» ብሎ ደወለ። ምዕራፎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። በማግስቱ አዘጋጇ ደወለች፤ የደረሳት ባዶ ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ቫይረስ ነበረበት፤ ፋይሎቹን ደብቆ በየቦታቸው ስማቸውን ብቻ የያዘ ምልክት አስቀምጦባቸዋል። ባለቤቴ ቆጥሮ የላከው እነዚያን አሥራ ሁለት ምልክቶች ነው። «ቀኑ ነገ ያልቃል» አለችኝ አዘጋጇ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በላይ በእጄ አይደለም።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንግዳው ሳሳ አለ። ላፕቶፔንና ስልኳን አቅፌ በጣቶቼ ጫፍ እየረገጥኩ አደይ ክፍል ገባሁ። ጨለማ ነው፤ አየሩ ታፍኗል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። የመዝጊያውን መቀርቀሪያ እንዳይጮህ በነጠላዬ ሸፍኜ አነሣሁት፤ አንድ ስንዝር ከፈትኩት። ብርሃኑ ገብቶ አልጋቸው ላይ፣ ጥቁር ልብሳቸው ላይ ተኛ። ስልኳ ሦስት መስመር አሳየች። የማደርገውን አውቀዋለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንድሟ የሞተባት ሴት ክፍል ውስጥ ፀሐይ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ላክሁ፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ሥዕሎቹ ከባድ ናቸው፤ አንዱ ምዕራፍ ሲሄድ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ስድስተኛው ላይ ሳለሁ ከአልጋው፣ ወደ ግድግዳው እንደ ዞሩ፣ «ኣትዩ ዶ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ገና ነው አደይ» አልኩ።

«ቀጽሊ» አሉኝ። ቀጥዪ።

ዘጠነኛው ምዕራፍ እየተሳበ ሳለ በሩ ተከፈተ። የሟቹ ባለቤት እኅት ነበሩ፣ አደይን ሊያጽናኑ ከውቕሮ የመጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን፣ መጨረሻ ላይ እኔን አዩ። «እንታይ እዩ እዚ?» አሉ፤ ምንድን ነው ይኼ? መዝጊያውን ልስብ ብድግ አልኩ። አደይ ግን ቀድመውኝ አልጋው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ተይው» አሉኝ በአማርኛ። ለእንግዳዋ ደግሞ በትግርኛ፣ ክፈቺልኝ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ነው አሏቸው።

«ወንድምሽ ዐርባው ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ» አሉ አደይ።

ሴትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አደይ ወንድማቸውን በልጅነታቸው ስም እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ልቅሶው የማስመሰል አልነበረም፤ ከሆዳቸው ነው። እንግዳዋም አለቀሱ። በዚያ ልቅሶ መካከል አሥረኛው ሄደ፤ አሥራ አንደኛው ሄደ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው አሥራ ሁለተኛው ሄደ። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ግማሹ ደስታ እንደነበር አልክድም።

ወሬው ውቕሮ ለመድረስ ኢንተርኔት አላስፈለገውም። ለዐርባው ተዝካር አደይን ይዘን ስንሄድ የሟቹ ባለቤት ከመቀመጫቸው አልተነሡም። የወንድማቸው ልጆች እጃቸውን ብቻ ዘረጉላቸው። እህል ሲቀርብ የሟች እኅት በቤተ ዘመዱ መደዳ መቀመጥ ሲገባቸው፣ አንዲት ወጣት መጥታ በሩ አጠገብ ከሩቅ ጎረቤቶች ጋር አስቀመጠቻቸው። አደይ የቀረበላቸውን በሉ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ተነሡ። ተወልደው ያደጉት፣ ተድረውም የወጡት ከዚያው ቤት ነው። ወደ መቐለ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከጎናቸው ተቀምጬ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጄን ያዝ አድርገው «ሽንኩርት አልቋል፣ መንገድ ላይ እንግዛ» አሉኝ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልወጣቸውም።

የአዘጋጇ መልስ ከዚያ በሳምንቱ መጣ። መስኮቱ በወጉ ተከፍቷል፤ አደይ አልጋቸው ላይ ናቸው። መጽሐፉን ወድደውታል። ጠረጴዛሽ ተዘጋጅቷል፣ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ነይ ትላለች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ክፍል ተቀምጬ የለመንኩት ነገር መጥቶ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል።

«ምን አሉ?» አሉኝ አደይ። እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ልነግራቸው ነበር። የምናገረውን ዐረፍተ ነገር ከተዝካሩ ማግስት ጀምሮ ሳርመው ሳቃናው ከርሜያለሁ፤ ሠራተኛ መቅጠሩ፣ በየበዓሉ መመላለሱ፣ ሁሉም አለበት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሥራሽን ወድደነዋል፣ እዚያው መቐለ ሆነሽ ቀጥዪ አሉኝ።»

«ሓቂ ዶ?»

«ሓቂ» አልኩ። እውነት ነው አልኳቸው።

ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። «ይኼ ቁም ሣጥን ይወጣል» አሉኝ። «ጠረጴዛሽ ጠቧል። ትልቅ ጠረጴዛ ይገባል፣ መጻሕፍትሽም እዚህ ይደረደራሉ። ማታ ለልጄ እነግረዋለሁ፤ እንቢ አይለኝም።» ልብሳቸውን እያወጡ አልጋው ላይ መደርደር ጀመሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከመስቀያው ያልወረደውን ካፖርት አወረዱት፤ አራግፈው፣ ኪሱን ዳብሰው፣ ለሁለት አጥፈው ከሌላው ልብስ ላይ አኖሩት። ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸው፣ በራሴ፣ አፉን በማይከፍተው ባለቤቴ። የዚያኑ ያህል አንጀቴን በልተውኛል። ጣቶቼን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ለአዘጋጇ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መምጣት እንደማልችል፣ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡ፣ ከሩቅ ለሚሠራ ሰው የሚሆን ትርፍ ሥራ ከተገኘ እንዲያስቡኝ ጻፍኩ።

«ምን ትጽፊያለሽ?» አሉኝ ልብስ እያጠፉ።

«ምስጋና» አልኩ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ከእኔም በይላቸው።»

ከደብዳቤው ግርጌ «አማቴም ያመሰግናሉ» ብዬ ጨመርኩና ላክሁት።